ከነብረቷ የተመዘነችው ልጅ

ልጄ ምሕረት ትናንት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን በር ላይ ጥላ ገባች። ለመክሰስ ብዬ ከድኜ ያቆየሁላትን ቦዬ፣ የተቀቀለውን ሥር፣ ከነዳጣው በእጇ ገፋ አደረገችው። ቦዬ ትወዳለች። እንዲህ ስታደርግ አይቻት ስለማላውቅ ግንባሯን ዳሰስኩ፤ ትኩሳት የለባትም።

«ምን ሆንሽ?»

«እማ፣ ነገ እንመዘናለን።»

«ምን ትመዘናላችሁ?»

«ኪሎ ነዋ! አዲስ መመሪያ ወጥቷል። ትምህርት ቤቱ የሁላችንንም ክብደትና ጤና እያየ ሪፖርት ያደርጋል። ኪሎው ልክ ያልሆነ ልጅ ወላጁ ይጠራል ብለዋል። ስለዚህ ዛሬ አልበላም።»

እኔ ፈሪ ሰው ነኝ። ልጄ ካሳለች ጆሮዬን ደረቷ ላይ እለጥፋለሁ። ባጃጅ ስትሳፈር የሾፌሩን ፊት ሳላይ አልለቃትም። መመሪያው ክፉ ነው አልልም። ታመው፣ ሳይታወቅላቸው ክፍል ውስጥ ሲያንቀላፉ የሚውሉ ልጆች አሉና ቢታዩ ጥሩ ነው። ግን «እንመዘናለን» የምትለው ቃል ከልጄ አፍ ስትወጣ በርጩማውን ስቤ ተቀመጥኩ።

ጂንካ ገበያ የሚያውቁኝ ሰዎች ሽንኩርትና ቃሪያ በመደብ ብቻ እንደምሸጥ ያውቃሉ። እንደ ሌሎቹ በኪሎ አልሸጥም። አዲስ ደንበኛ «ሚዛን የለሽም እንዴ?» ሲለኝ «መደቡን አይተህ ውሰድ፣ ካነሰህ እጨምርልሃለሁ» እላለሁ። አንዳንዱ ሚዛን መግዣ ያጣሁ ይመስለዋል። ነገሩ ሌላ ነው።

መንግሥት ተለውጦ ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። አምስተኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ የአሪ ሰው ነው፤ ከጂንካ በላይ ካለው ደጋ ወርዶ ከተማው ዳር ቤት የሠራ። ቡና ነበረችው። የቡናውን ገለፈት ለሐመሮች ይሰጣል፤ እነሱ ገለፈቱን አፍልተው በቅል ይጠጡታል። ሐመር ምድር ውስጥ፣ ከዲመካ ወጣ ብሎ፣ አንድ ወዳጅ ነበረው። ሐመሮች እንዲህ ያለውን ወዳጅ ቤል ይሉታል። ቤል ጎረቤት አይደለም፣ ዘመድም አይደለም፤ ግን ቤቱ ቤትህ ነው። አንተ ስትርብ እሱ ይሰጥሃል፣ እሱ ሲርበው አንተ ትሰጣለህ። ተጣልቶ እጅ ማንሳት የሚባል ነገር በመካከላቸው የለም። አባቴ ገለፈት ይዞ ይወርዳል፤ ሰውዬው ማር በቅል ሞልቶ፣ አንዳንዴም ፍየል እየነዳ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ጂንካ ይመጣል። ሲመጣ ጠመንጃውን ጓዳችን ያስቀምጥና እናቴን በአሪኛ ሰላም ይላታል፤ የሚያውቀው አሪኛ ያቺን ብቻ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከማሩ ጋር ሴት ልጁን ይዞ መጣ። ኡሪ ትባላለች። የእኔ እኩያ ነበረች። የወረዳ ሰዎች ሴት ልጅ ለትምህርት ስጡ እያሉ ስላስቸገሩት፣ ከሰጠሁ ለቤሌ ቤት እሰጣለሁ ብሎ ነው። አባቴን ከፊቱ አስቀመጠና አንድ ነገር ብቻ ተናገረ።

«እንዳለች ሰጥቼሃለሁ። እንዳለች መልስልኝ።»

ኡሪ በሁለቱም እጆቿ ከአንጓዋ እስከ ክንዷ ድረስ የብረት አምባር ደርድራ ነበር። እንደ እኛ አምባር የሚወልቅ አይደለም። አንጥረኛ እጇ ላይ አጥብቆ የገጠመው ነው። ስትራመድ ይሰማል፤ ትምህርት ቤት ስንሄድ በዚያ ዘመን በከተማው መሃል የነበረውን የአውሮፕላን ማረፊያ ሣር ስናቋርጥ፣ የሚግጡት ላሞች ድምፁን ሰምተው ቀና ይሉ ነበር። የቆዳ ልብሷን እናቴ በቀሚስ ለወጠችላት። ብረቶቹን ግን አልነካችም። «እንዳለች ብሏል» አለች እናቴ።

አንደኛ ክፍል ከትንንሾቹ ጋር ገባች። አማርኛ የተማረችው ከእኔ ነው። ወንድና ሴት የሚባል ነገር አልያዝላት ብሎ ሁሉንም «አንተ» ትላለች። እናቴንም፣ እኔንም፣ ድመቷንም።

ምግባችንን አልወደደችውም። ወተትና የማሽላ ገንፎ ለምዳለች። የእኛ ቤት ቆጮ፣ ጎደሬ፣ ከጎመን ጋር የተቀቀለ የበቆሎ ሊጥ፣ ኩርኩፋ ነው። ቆጮውን አሽትታ «ይሄ ሞተ» ትላለች። እናቴ ግን የሰው ልጅ አደራ ነው ብላ ከገበታው መጀመሪያ ለእሷ ነበር የምታነሳላት፤ ጎረቤት ላም ስትወልድ ወተት ለምና ታመጣለች። ከእኔ በፊት ትበላ እንደነበር እኔ ምስክር ነኝ፤ ቀንቼም አውቃለሁ። ከክረምቱ በኋላ ወባ ያዛት። ተነሳች፣ ግን ጉንጯ አልተመለሰም። እኔ ደግሞ በተፈጥሮዬ ሙሉ ነበርኩ። ውኃም ብጠጣ ይታይብኛል።

ያን ዓመት ነው ለትምህርት ቤቶች መመሪያ የመጣው። የእያንዳንዱ ተማሪ ክብደት ተለክቶ ለበላይ ሪፖርት ይደረግ፣ የጎደለው ልጅ የፋፋ ዱቄትና ዘይት ያግኝ ተባለ። ሐሳቡ ደግ ነበር። ትምህርት ቤቱ ሚዛን ስላልነበረው ከአንድ ቡና ነጋዴ መጋዘን ባስኩላ ተዋሱና ከዋርካው ሥር አቆሙት። ጆንያ የሚመዘንበት ነው፤ ቡና ቡና ይሸታል። ዳይሬክተሩ ራሱ አጠገቡ ቆሞ ኪሎውን በታላቅ ድምፅ ይናገራል፤ ቀጥሎ «ትበቃለች» ወይም «ትጎድላለች» ይላል። ተማሪው በሙሉ በሰልፍ ቆሞ ይሰማል፣ ይስቃል። እኔ ስወጣበት ዳይሬክተሩ በሚዛኑ ዘንግ ላይ የምትንሸራተተውን ብረት ወደ ዳር ገፋት፣ ገፋት፣ እንደገና ገፋት።

«ይቺስ ወደ ውጭ የሚልካት ቡና ነጋዴ ያስፈልጋታል!» አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «ጆንያ» ሆነ።

ኡሪ ከነብረቷ ወጣች። ብረቱ ሲመዘን ማንም ምንም አላለም። «ትበቃለች» አለ ዳይሬክተሩ። እሷም መብቃቷ መልካም ነገር መስሏት ሳቀች። ፋፋ አልተሰጣትም። እናቴ ሰምታ ለመለመን ሄዳ ነበር። «ልጅቱ ጤነኛ ናት፣ ሚዛን አይዋሽም» ብለው መለሷት።

ሁለተኛው መንፈቅ ላይ ግን ሪፖርቱን የሚያጣራ ሰው ከዞን በላንድክሩዘር መጣ። ባስኩላው እንደገና ዋርካው ሥር ቆመ። ሰውዬው ወንበር ላይ ተቀምጦ ለስላሳ እየጠጣ ነበር። ኡሪ ተራዋ ደርሶ ስትወጣ እጁን አነሳ።

«ቆይ፣ ቆይ! ይሄ ምንድን ነው? ብረቱን አውልቃ ትመዘን እንጂ።»

ዳይሬክተሩ ደነገጠ። በፊት ከነብረቷ መዝግቦ ልኳታል። ፈጠን ብሎ እጇን ያዘና አንዱን አምባር ሳበ። አልወጣም። በሳሙና ሞከሩ። አልወጣም። ከዚያ መንገድ ማዶ በር የሚሠራውን ብየዳ ሠራተኛ አስጠራ። ወላይታ ነው፣ ጸጥተኛ ሰው። ሰጌቶ የሚሉትን የብረት መጋዝ ይዞ መጣ፤ የልጅቱን ፊት ሲያይ ግን ቆመ።

«ጋሼ፣ ወላጅ ያውቃል?»

«አንተ ብረት ቁረጥ፣ ወላጅ የእኔ ጉዳይ ነው።»

ኡሪ መጀመሪያ አልገባትም። መጋዙ ብረቱን ሲነካ ግን በሐመርኛ ጮኸች። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንዲያ ያለ ጩኸት አልሰማሁም። ሁለት አስተማሪዎች ትከሻዋን ያዙ። አንድ ትልቅ ተማሪ እግሯ ላይ ተቀመጠ። ብረቱ በመጋዙ ሲግል ቆዳዋን ያቃጥላት ስለነበር ውኃ እያፈሰሱበት ነው የቆረጡት። «አንተ ጸሐይ! አንተ ጸሐይ!» እያለች ትጠራኛለች። ሮጬ ገባሁና የአንዱን አስተማሪ እጅ ያዝኩ፤ በክርኑ ገፍቶ ጣለኝ። ልጆቹ በሰልፋቸው ቆመው ያያሉ። ከኋላ አንዱ «ፍየል ያርዳሉ እንዴ?» ብሎ አሳቃቸው።

አምባሮቹ አንድ በአንድ አፈር ላይ ወደቁ። ከሥሩ የወጣው እጅ ነጣ ያለ፣ ቀጭን፣ የሕፃን እጅ ይመስል ነበር። አንስተው ባስኩላው ላይ አቆሟት። ዳይሬክተሩ ኪሎውን ሲናገር ድምፁ ቀነሰ።

የዞኑ ሰው የመጀመሪያውን ሪፖርት አየና «በአንድ መንፈቅ ይህን ያህል ጠፋ?» አለ። «ምን ሆና ነው? ያንተ ሪፖርት ልክ ነበር?»

ብረቶቹ እግሩ ሥር ነበሩ። ዝቅ ብሎ ቢያይ መልሱ እዚያው ነው። ዳይሬክተሩም ያውቃል፣ አስተማሪዎቹም ያውቃሉ። ዳይሬክተሩ ዞር ዞር ብሎ አየና ከአፈር ላይ እየተነሳሁ ሳለ እኔ ላይ ዓይኑ አረፈ።

«ሪፖርቱ ልክ ነበር ጌታዬ። ልጅቱ ያለችው ሰው ቤት ነው። ይቺ የእነሱ ልጅ ናት።» በጣቱ አሳየኝ። «ይዩዋት እንግዲህ።»

ሰውዬው ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። ጊዜ ወስዶ ነው ያየኝ። ከዚያ ሰልፉ ውስጥ ሳቁ ፈነዳ። «ጆንያ በላቻት!» የሚል ሰማሁ። ሰውዬው ሳቁ እስኪያልቅ ለስላሳውን ጠጣና፣ «እንግዲያው ወደ ወገኖቿ ትመለስ» አለ። «መኪናው ከሰዓት በኋላ ወደ ዲመካ ይሄዳል፤ ጫኗት።»

ጫኗት። እናቴ ጋ ሄዳ አልተሰናበተችም። ደብተሯም እኛ ቤት ቀረ። መኪናው ውስጥ እጆቿን ጉያዋ ውስጥ ደብቃ ነበር የተቀመጠችው። ወደ እኔ አላየችም።

ብረቶቹን በቀሚሴ ሰብስቤ ቤት ሮጥኩ። እናቴ ጎመን ስትቀነጥስ ነበር። የሆነውን ስነግራት ቢላዋውን አስቀመጠች፤ ብረቶቹን በነጠላዋ ቋጥራ እግሯ ላይ ጫማ ሳታደርግ ወጣች። ተከተልኳት። ባስኩላው ገና አልተመለሰም። እናቴ ቋጠሮዋን ሚዛኑ ላይ አስቀመጠችና ቆመች።

«ጋሼ፣ እባክዎ ይመዝኑልኝ። ልጅቱ ላይ ጎደለ ያሉት ይሄ ነው።»

ዳይሬክተሩ ቋጠሮውን አየ። እናቴንም አየ። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር።

«እማማ» አለ ረጋ ብሎ፣ «ይሄ የተማሪ ሚዛን ነው፣ የብረት አይደለም። ሪፖርቱም ሄዷል። ቤትዎ ይግቡ።»

እናቴ ቋጠሮዋን አንስታ ገባች። የቀነጠሰችው ጎመን ጠውልጎ አገኘነው።

አባቴ በማግሥቱ ብረቶቹን ይዞ ወደ ዲመካ ተነሳ። በቀይ አፈር ከተማ በኩል የሚሄድ ዕቃ ጫኝ አይሱዙ ላይ ወጥቶ ነው የሄደው። ሲመለስ ፊቱ አመድ ለብሶ ነበር። ቤሉ ግራር ሥር በርኩማው ላይ ተቀምጦ አገኘው። ከሩቅ ሲያየው ጀርባውን ሰጠው። አባቴ ዞሮ ከፊቱ ቆመ፤ ሰውዬው እንደገና ዞረ። ቢናገር የሚሰማው ጀርባ ነው። ጸሐይዋ እስክታዘቀዝቅ ቆመ። በኋላ ብረቶቹን መሬት ላይ አስቀምጦ መጣ።

ማር ከዚያ ወዲህ ቤታችን አልመጣም። አባቴ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ገለፈቱን እንደ ድሮው ነፍቶ፣ በከረጢት አስሮ ደጃፉ ላይ ያስቀምጥ ነበር። ወደ ገበያ የሚወርዱትን ሐመሮች አንድ በአንድ እያየ ይውላል። ሲመሽ ከረጢቱን ያስገባዋል። እናቴ መጀመሪያ ትቆጣው ነበር፤ በኋላ ተወችው።

እኔም ትምህርት ቤት አልቆየሁም። ምሳ ስፈታ ልጆች ከብበው «ያ የኡሪ ነው፣ መልሺ!» ይሉኛል። ምሳዬን ለውሻ መስጠት ጀመርኩ። ቤትም መብላት ተውኩ፤ ብከሳ ውሸቱ የሚጠፋ መስሎኝ ነበር። ክፍል ውስጥ ተዝለፍልፌ ወደቅኩና እናቴ በጀርባዋ አዝላ አመጣችኝ። ከዚያ አልመለሰችኝም። «አንቺንም ደግሞ እንዳይመዝኑብኝ» አለች። ትምህርቴ በዚያው አበቃ።

አባቴ ሲሞት ገለፈቱ ከረጢት ውስጥ ነበር። ሰው ልጁን አደራ ሰጥቶት አስርቦ የመለሰ ሰው እንደሆነ እየታሰበ ሞተ።

ብዙ ዓመት አለፈ። አግብቼ፣ ወልጄ፣ ነጋዴ ሆንኩ። አንድ የገበያ ቀን ከጓደኞቼ ጋር በሚኒባስ ሽንኩርት ጭነን ዲመካ ወረድን። የበጋ ሙቀት ነው፤ አቧራው ከፍየሉ ሽታ ጋር አፍ ውስጥ ይገባል። መደቤን እየደረደርኩ ሳለ ከኋላዬ አንድ እጅ አንጓዬን ያዘኝ። ዞር ስል ፀጉሯን በቅቤና በቀይ አፈር የሸረበች፣ አንገቷ ላይ ሁለት ወፍራም ብረት ያጠለቀች ሴት ናት። ሰፊ ትከሻ አላት።

«አንተ ጸሐይ ነህ» አለች።

አላወቅኋትም። እሷ መደቤን አየች፣ እኔን አየች፣ ፈገግ አለች።

«ሚዛን አልያዝህም?» አለች። «ከሳህ። ማን በላህ?»

ያን ጊዜ አወቅኋት። ስሜን እየጠራች የጮኸችበት ድምፅ ነው። ሽንኩርቱ ላይ ተቀመጥኩ፤ እሷም አጠገቤ ቁጢጥ አለች። አባቶቻችን ሁለቱም ሞተዋል። ይህን ከተነጋገርን በኋላ ዕድሜ ልኬን የያዝኩትን ጥያቄ አወጣሁት።

«ኡሪ፣ እናቴ ታበላሽ አልነበረም?»

«አበላ» አለች። «ከአንተ በፊት እኔ በላሁ።»

«ታዲያ አባትሽ ለምን ፊቱን አዞረበት?»

«እኔ ነኝ ያዞርኩ።»

በተሰባበረ አማርኛዋ ነገረችኝ። መኪናው ዲመካ መንገድ ላይ አውርዷት ሄደ። በእግሯ ቤቷ ገባች። አባቷ እጆቿን አየ። ጠመንጃው ጉልበቱ ላይ ነበር። «ማን ነካሽ?» አላት።

«ትምህርት ቤት ቆረጠ ካልኩ ጂንካ ይሄዳል። ይገድላል። እሱንም ይገድሉታል። እኔ አሰብኩ፣ አሰብኩ። ‹ማንም አልነካኝም› አልኩ። ‹ቤልህ ቤት አላበሉኝም። ከሳሁ፣ ብረቱ ራሱ ወለቀ› አልኩ። ቤል ቤልን አይገድልም። ይጠላል ብቻ።»

«አባቴ ያመጣውስ ብረት? መጋዝ የነካው መሆኑ ይታያል እኮ።»

«አባትህ ተናገረ፣ አባቴ ‹ውሸት› አለ። ብረቱን ሳያይ እኔ ወሰድኩ። ወንዙ ውስጥ፣ አሸዋ ቆፈርኩ፣ ቀበርኩ።» በእጇ ቁፋሮውን አሳየችኝ። ከዚያ ትከሻዬን መታ አደረገችኝ። «አባትህን ጠላ። ሰው አልገደለ። ሁለቱም ሽማግሌ ሆነው ሞቱ።»

ላቅፋት ፈለግሁ፣ ልመታትም ፈለግሁ። አባቴ ደጃፍ ላይ ከከረጢቱ ጋር ተቀምጦ ታየኝ። ስንት ቅዳሜ! እሷ ግን ትንሽ ልጅ ሆና፣ የተቃጠለ እጇን ይዛ፣ ከጠመንጃ ፊት ቆማ ያሰበችውን እኔ ዛሬ በዚህ ዕድሜዬም አስቤ አልደርስበትም። ትልልቆቹ ሰዎች ሪፖርታቸውን አዳኑ። እሷ ሰዎቹን አዳነች፤ የከፈለችው ግን በእኛ ስም ነው። ዳይሬክተሩ ወደ ሌላ ከተማ በዕድገት ተዛውሮ ነበር አሉ። ነፍሱን ማን እንደሰጠው ሳያውቅ ኖረ።

ስትነሳ ከመደቤ አንድ ሽንኩርት አነሳች፤ በእጇ ከፍ ዝቅ አድርጋ እንደ መመዘን አለችና «ትበቃለች!» ብላ ጮኸች። ልክ እንደ ዳይሬክተሩ። እየሳቀች ሽንኩርቱን ይዛ ሄደች።

ዛሬ ጠዋት ከምሕረት ጋር ትምህርት ቤት ሄድኩ። ዝናብ ስለነበር መንገዱ ጭቃ ነው። የሚመዝኑት ክፍል ውስጥ ነው፣ መጋረጃ አለው፤ ሚዛኑም ትንሽ የመስታወት ሚዛን ነው። የጤና ባለሙያዋ ወጣት ናት፣ ፊቷ ደግ ነው። «አንድ ነገር ብቻ» አልኳት፣ «ጮክ ብላችሁ አትናገሩባት።» «አይ እናቴ፣ አሁን እንደዚያ የለም» ብላ ሳቀች። ከዚያ ምሕረትን «ጫማሽን፣ ሹራብሽን፣ እጅሽ ላይ ያለውንም አውልቂ» አለቻት። የዶቃ አምባር ናት፤ ምሕረት በአንድ ጊዜ ፈታ ሰጠችኝ። ጨብጬ ውጭ ቆየሁ። መጋረጃው ውስጥ በሹክሹክታ ነው የተናገሩት። መስኮቱ ሥር ግን ልጆች ተደርድረው ጆሯቸውን ለጥፈው ነበር፤ ምሕረት ሳትወጣ ቁጥሩ ግቢውን ዞሮ ነበር።

ምሳ ሰዓት ላይ ቤት መጣች። የትናንቱን ቦዬ አሙቄ አቀረብኩላት። ማንኪያውን አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው።

«እማ፣ ልክ ካልሆንኩ አንቺን ጠርተው ምን ብለው ነው የሚጠይቁሽ?»

«ምን ታበያታለሽ ብለው።»

«አንቺስ ምን ትያቸዋለሽ?»

እናቴ ቋጠሮዋን ይዛ ባስኩላው አጠገብ የቆመችው ታየኝ። «እውነቱን» አልኳት። እውነት መናገር ምን ያህል እንደሚረዳ ግን አልነገርኳትም።

ማንኪያውን እንደገና አነሳች። እኔ ዓይኔን ካሳረፍኩባት እንደማትበላ ስለማውቅ ጀርባዬን ሰጥቼ ወደ መንገዱ ተቀመጥኩ። ባጃጆች ጭቃውን እየረጩ ያልፋሉ። ማንኪያው ሳህኑን ሲነካ እየሰማሁ፣ ሳልዞር ቆየሁ።